መስክ ልንለካ ነው

ምድር ታንጎራጉራለች ብላችሁ ምን ትሉኛላችሁ? «መምህሩ ለየለት» ነው የምትሉት፤ አውቃችኋለሁ። ነገሩ ግን እውነት ነው። የትም አገር መብረቅ በመታ ቁጥር ዝግ ብላ የምትርገበገብ ሞገድ በምድርና በላይኛው ሰማይ መካከል ዓለምን ትዞራለች። ጆሯችን አይደርስባትም እንጂ ባጃጅ ስንጠብቅም፣ ስብሰባ ላይ ስናንጎላጅም እያለፈችብን ነው። ይህን ሳስብ ሰውነቴን ቅልል ይለኛል፤ አጀንዳው ምን እንደነበር እንኳ እረሳለሁ።

ሆሳዕና ከተማ ፊዚክስ ያስተማርኳት ምሕረት ይህችን እንጉርጉሮ የሚያዳምጥ መሣሪያ ይዛ ለጥናት መጣች። ሽቦ የተጠመጠመበት ረጅም ዘንግ ነው፤ ነፋስ እንዳይነቀንቀው መሬት ውስጥ ይቀበራል። የመብራት መስመር አጠገቡ ካለ ግን ከመብራቱ ሽቦ ጩኸት በቀር ሌላ አይሰማም። ስለዚህ ከከተማው ዳር፣ ገና ፖል ያልደረሰበት የጋሽ ሄራሞ ግጦሽ ተመረጠ። አስረጂው እኔ ሆንኩ።

«ጋሼ፣ መስኩን ልንለካ ነው» አልኳቸው።

ወይ አፌ! እኔ ያልኩት መግነጢሳዊውን መስክ ነው፤ እሳቸው የሰሙት ላሞቻቸው የቆሙበትን። ከተማው እየገፋ የጎረቤቶቻቸው መሬት ተለክቶ ተለክቶ አልቋል፤ የቀራቸው ይህ ሳር ብቻ ነው። ዘርፈጥ ብለው ተቀመጡበት።

«መጀመሪያ ለሬሳ ሳጥን እኔን ለኩኝ!»

ምሕረት አጠገባቸው ቁጭ ብላ በሀዲይኛ ቀስ አድርጋ አስረዳቻቸው። ጋሽ ሄራሞ ቀና ብለው ደመናውን እያዩ ጠየቁ።

«ይህ ዕቃ የመብራት ፖል አይወድም?»

«አይወድም።»

«ቤትስ ሲሠራበት?»

«ያውከዋል።»

ፊታቸው ፈካ። «እንግዲያው ቅበሩት፤ በደንብ ጠልቆ ይቀበር!»

እንዴት ያለ ክረምት ነበር! ከእሳቸው ጋር ሳሩ ላይ ተቀምጠን፣ ስሙን የማናውቀው አገር ላይ የመታ መብረቅ በኮምፒውተሩ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ሲርገበገብ እናያለን። ላሞቹም ከሩቅ ይግጣሉ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ልዋሻችሁ።

ከዚያ ፖሉ ደረሰ። እኛም ባለ መብራት ስለሆንን መቆጣት አልቻልንም። እንጉርጉሮዋ በሽቦው ጩኸት ተዋጠች፤ ምሕረትም ዘንጉን ልታወጣ መጣች። ጋሽ ሄራሞ የተቀበረበት ላይ ቆሙ።

«ካልሰማ አይስማ፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምናለበት?»

የሷ ቢሆን በተወችላቸው ነበር፤ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው። እጃቸውን ይዛ ፈቀቅ አደረገቻቸውና አወጣችው። ጉድጓዱን ስንደፍን ጋሽ ሄራሞ ወደ መንገዱ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አፈሩን ከፍ አድርጉት፤ ያለ ይምሰል።»

ከፍ አደረግነው።