ይህ ዳዊት የስንት ፍየል ነው?

የልጅ ልጄ ደብተር ግዢልኝ ብላኝ ሹም አቦ ካለው ሱቅ ሄድሁ። ባለሱቁ፣ ባለ ሃምሳ ቅጠል ይሁን ባለ መቶ? ይለኛል። የስንት ፍየል ነው? አልሁት። እስካሁን ሳይስቅብኝ አይቀርም።

ምን ላድርግ? ያደግሁት ወረቀት በፍየል ከሚቆጠርበት ቤት ነው። አባባ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። የፍየሏ ቆዳ ተፍቆ ብራና ይሆናል፤ ብራናው ታጥፎ ቅጠል፣ ቅጠሉ ተደራርቦ ጥራዝ፣ ጥራዙ ተሰፍቶ መጽሐፍ። እና የመጽሐፍ ልክ በፍየል ቢጠየቅ ምን ይገርማል? በጾም ደግሞ ፍየል አይታረድም። ብራና ያለቀበት ጸሐፊ ፋሲካን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

በጣሊያን ጊዜ አባባ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለዲያቆኑ፣ ዳዊት ይጽፉለት ነበር። እሱ በጢስ ዓባይ በኩል ከአርበኞች ጋር ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ዳዊቱ የአንድ ፍየል ብራና ብቻ ይቀረዋል። ፍየሏም ፋሲካን እየጠበቀች ጓሮ ታስራለች።

በዐቢይ ጾም ወታደሮች መጥተው ወሰዷት። አስተርጓሚያቸው በምትኳ አንድ ደስጣ ወረቀት አባባን አስታቀፋቸው። ይኸ እኮ ከፍየልዎ ይበልጣል አላቸው። አባባ እሽጉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና የስንት ፍየል እንደሆነ ጠየቁት። ፍየል የለበትም ቢላቸው፣ ታዲያ ምኑ ላይ ነው የምጽፈው? አሉ። ዳዊት በወረቀት! ለአባባ የማይታሰብ ነው። ወረቀቱን እናቴ በርበሬ ቋጠረችበት።

ጎረቤታችን ሼህ ሰይድ ታንኳ ሠሪ ናቸው። ይህን ሰምተው የራሳቸውን ፍየል አረዱና ቆዳውን ይዘው መጡ። ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ግን አመነቱ።

«መምሬ፣ በቢስሚላህ የታረደ ነው። ይሆንዎ ይሆን?»

አባባ ቆዳውን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ልበላው ነውን ሼህ? ልጽፍበት እንጂ!»

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ጾም እኛ ቤት የተሳቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለሆሳዕና ዳዊቱ አለቀ። አባባ መጨረሻው ቅጠል ላይ የወንድሜን ስም ጽፈው «አቤቱ ጠብቀው» አሉበት። ፋሲካ ሲደርስ እሱ ቀርቶ መርዶው መጣ።

የነፍስ አባታችን ዳዊቱን ገልጠው ያችን ቃል አዩ። ለሞተ ሰው «ነፍሱን ማርለት» ነው የሚባለው፣ መምሬ፣ ይታረም እንጂ አሏቸው። አባባም፣ ቢፋቅ ብራናው ይሳሳል፣ ቅጠሉ ይለወጥ ከተባለም ሌላ ፍየል ያስፈልጋል፣ ፍየል ደግሞ የለም ብለው መለሱ።

እውነታቸውን ነበር። ያኔ የለም።

ጣሊያን ወጣ። ውሎ አድሮ ጓሯችን በፍየል ተሞላ። የነፍስ አባታችን በየፋሲካው እየመጡ ያን ነገር ያነሳሉ። አባባ ከፍየሎቻቸው መሐል ቆመው፣ እስኪሞቱ ድረስ፣ ፍየል የለም ይሏቸው ነበር።