ወ/ሮ ነዕማን በቤት መኪና ቡለን ለማድረስ የተጠራው ሦስተኛ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ አሶሳ፣ በአቶ ሙላው ግቢ፣ በቆመው የቤት መኪና (ቤት በሆነው ሚኒባስ) ውስጥ
ሰዓት፦ ለ2፡00 ተጠርቶ በ3፡00 ተጀመረ

የተገኙ አባላት
አቶ ዐብዱልቃድር፣ የወ/ሮ ነዕማ ታላቅ ወንድም፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ ነዕማ፣ ተጓዥ
አቶ ሙላው፣ ባለመኪናና ሾፌር
ወ/ት ሐኒ፣ የሞባይል መሸጫ ባለቤት፣ የካርታ ክፍል ኃላፊ
ወ/ሮ አይናለም፣ የአቶ ሙላው ባለቤት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ጣሀ፣ የወ/ሮ ነዕማ አማች። ቡለን ስለሚኖሩ ይቅርታቸው ተቀባይነት አግኝቷል።

በመኪናው ውስጥ ሌላ መቀመጫ ስለሌለ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል ተብሏል። ባለመኪናው ወለሉ ላይ አዲስ ምንጣፍ በማንጠፋቸው አባላት በሙሉ ጫማቸውን ግቢው ውስጥ አውልቀው ገብተዋል።

ሰብሳቢው ሲከፍቱ፣ የወ/ሮ ነዕማ ልጅ ዐርዋ ቡለን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መቃረቧን፣ ወ/ሮ ነዕማ ደግሞ ወገባቸውን ስለሚያማቸው በአውቶቡስ ያን ያህል መንገድ መቀመጥ እንደማይችሉ ገልጸዋል። አቶ ሙላውም አሮጌ ሚኒባሳቸውን አልጋ፣ የጋዝ ምድጃና የውሃ በርሜል ገጥመውለት «ተኝተሽ ትሄጃለሽ» ብለው ቃል መግባታቸውን አስታውሰዋል። ወ/ሮ ነዕማ በበኩላቸው ቃሉ ከተገባ ሁለት ስብሰባ ማለፉን አስታውሰዋል።

አጀንዳ 1፦ መንገዱን በስልክ ካርታ ስለ መምረጥ

ወ/ት ሐኒ ካርታውን በስልኳ አቅርባለች። ከአሶሳ ቡለን የሚወስድ አጭር ሰማያዊ መስመር በመታየቱ ሰብሳቢው አጨብጭበዋል። አቶ ሙላው መስመሩን በጣታቸው ተከትለው «አባይን በምን ልሻገረው ነው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ካርታው ከሰማይ ሆኖ የሚያይ ስለሆነ መሬት ላይ ያለ ሰው ከእሱ ጋር መከራከሩ አግባብ እንዳልሆነ አስረድተዋል። አቶ ሙላው፣ ሰማይ ላይ ያለው እሱ ይንዳ ብለዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ወ/ት ሐኒ ስልኩን ጠጋ ብላ ስታየው፣ መንገዱ የተፈለገው በእግር ለሚሄድ ሰው መሆኑን አረጋግጣለች። ሰብሳቢው ይህች መኪና ዳገት ላይ ከእግረኛ የተለየ ፍጥነት ስለሌላት እንደ እግረኛ ትቆጠር የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። አቶ ሙላው ስብሰባውን ረግጠው ለመውጣት ተነሥተው፣ መኪናው የራሳቸው መሆኑ ትዝ ሲላቸው ተቀምጠዋል።

ውሳኔ፦ በነቀምት ዞሮ መሄድ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል። አጭሩ መንገድ የሰብሳቢውን ክብር ለመጠበቅ ሲባል በተጠባባቂነት ተይዟል።

አጀንዳ 2፦ በካርታው ላይ ስለሚተከሉ ማረፊያዎች

ሰብሳቢው መንዲ ወዳጃቸውን ለመጠየቅ፣ ነቀምት ጨርቅ ለማየት፣ ሌላም ሌላም ቦታ እንዲታረፍ ጠይቀዋል። ወ/ት ሐኒ ጀንበር ስትጠልቅ ለፎቶ የሚያመች ኮረብታ ሁሉ ላይ ምልክት አድርጋለች። ጸሐፊዋ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ እንዲጨመር ብታመለክትም ምልክት የሚተከልበት ክፍት ቦታ አልተገኘም። ካርታው ይህን ሁሉ ደምሮ የመድረሻውን ቀን ሲያሳይ ወ/ሮ ነዕማ «ያኔማ በሩን የሚከፍትልኝ ራሱ ሕፃኑ ነው» ብለዋል።

ውሳኔ፦ ማረፊያዎቹ እንዳሉ ጸድቀዋል። የወ/ሮ ነዕማ አስተያየት በምስጋና ታልፏል።

አጀንዳ 3፦ የካርታዋን ድምፅ ስለ መታዘዝ

አቶ ሙላው በስልክ ውስጥ ያለች ሴት «ታጠፍ» ስትላቸው እንደማይታጠፉ፣ እስከ ዛሬ በሴት ትእዛዝ ታጥፈው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ጸሐፊዋ ይህ አነጋገር በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላት ጠይቃለች። ተይዟል።

ውሳኔ፦ ካርታዋ «ታጠፍ» ስትል ወ/ት ሐኒ ለሰብሳቢው ታቀርባለች፤ ሰብሳቢው አጥንተው ለሾፌሩ ይመራሉ፤ ሾፌሩ ከመሰላቸው ይታጠፋሉ።

በዚህ መካከል የወ/ት ሐኒ ስልክ ጠርቶ ካርታው ጠፍቷል። የደወሉት አቶ ጣሀ ነበሩ። ድምፃቸው ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጓል። «እማማ፣ እንዳይደነግጡ ብለን ነው እንጂ ምጥ ከያዛት ቆይቷል። ጤና ጣቢያ ነን። ሐኪሟ አይዟችሁ ብላለች። ዐርዋ ግን እናቴ የት ደረሰች እያለች ነው።»

ሰብሳቢው ጉዳዩ በአጀንዳ 4 እንዲያዝ ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ነዕማ ከአልጋው ላይ ተነሥተው «ያ ጀማዓ፣ ልጄ አጀንዳ አይደለችም! ኸላስ፣ በቃ! የት ደረሰች ስትል ምን ልበላት? አሶሳ፣ ሙላው ግቢ፣ አልጋ ላይ ልበላት? ወንድሜ ሙላው፣ ቁልፉ የት ነው?» ብለዋል።

አቶ ሙላው ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ መሆኑን አስታውቀው ወደ መሪው ተዛውረዋል። ሰብሳቢው ስብሰባው ገና እንዳልተዘጋ በማሳሰብ ላይ ሳሉ መኪናው ከግቢው ወጥቷል። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ የተንሻፈፈው በመንገዱ ምክንያት ነው። መውረድ የቻለ አባል ስላልነበረ ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም።

ሰብሳቢው ጫማቸው ግቢ ውስጥ መቅረቱን በጥብቅ አመልክተዋል። ጸሐፊዋ ወጥ ጥዳ በመምጣቷ ለጎረቤቷ ለወ/ሮ አገኘሁሽ ደውላ እንድታወርድላት አድርጋለች። ካርታዋ ዳግመኛ ተከፍታ «ወደ ኋላ ተመለስ» በማለቷ ወ/ሮ ነዕማ «ዝጊያት ልጄ። ስልኩ ለአማቼ ክፍት ይሁን» ብለው አዝዘዋል። ወ/ት ሐኒ ለማንም ሳታቀርብ ዘግታለች።

ባምባሲ ስንደርስ ስልኩ ጮኸ። ዐርዋ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። አቶ ሙላው መኪናውን ዳር አስይዘው አቁመዋል። ወ/ሮ ነዕማ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፍነው አልቅሰዋል። ሰብሳቢው የእህታቸውን ትከሻ ይዘው «አልሐምዱሊላህ» ብለዋል። ልቅሶው ከአጀንዳ ውጪ ስለነበር ማን ማን እንዳለቀሰ አልተመዘገበም።

ወ/ት ሐኒ ልጅቷ ከተወለደች ዘንድ ብንመለስስ የሚል ጥያቄ አንሥታለች። ወ/ሮ ነዕማ አይናቸውን ጠርገው «አሁን ነው እንጂ መሄጃው! ገንፎውን ማን ያገንፋላት? ሕፃኗን ማን ያጥባታል?» ሲሉ መልሰዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዚህና ባለፉት ሁለት ስብሰባዎች የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ማረፊያዎቹ ተነቅለዋል። ሰብሳቢው ባምባሲ ገበያ ነጠላ ጫማ እስኪገዙ ብቻ ይታረፋል። ስብሰባው ከቀኑ 6፡10 ሲዘጋ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ፈርሷል፤ አባላቱም ተሳፋሪ ሆነዋል።

ጸሐፊ፦ አይናለም (ፊርማ፣ በጉዞ ላይ)