የደረት ሽሮፕ

እኛ ጎጃሞች ነገርን በስሙ መጥራት እምብዛም አይሆንልንም። ቅኔ አገር ተወልዶ ማን በቀጥታ ይናገራል? ምሳ ያልበላውን እንግዳ “ራበህ ወይ?” ቢሉት፣ “ኧረ ደህና ነኝ” ብሎ ዓይኑን ወደ መሶቡ ይልካል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው ተረትማ እኛም ዘንድ አለ፤ የምንተርተው ግን ለጎረቤት ነው።

እናቴ “ደረቴን” ማለት ከጀመረች ከርማለች። አገር ቤት፣ ይጁቤ ሳለች ጤና ጣቢያ ሄዳ “ደረቴን ነው” ብትል የሳል ሽሮፕ ሰጧት። ምን ያድርጉ፣ ደረት ብላለች። ያን ጨርሳ ሌላ ጨመሩላት። ሳል ግን አልነበራትም። እርስዎ ቢሆኑ ይጠረጥሩ ነበር? እኛ አልጠረጠርንም።

አየር ትለውጥ ብለን ከአባባ ጋር ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት አመጣናት። ያን ሰሞን ለጡት ካንሰር ሕሙማን ርዳታ የእግር ጉዞ ተዘጋጅቶ ነበርና፣ ባለቤቴ የሺ ለሁላችንም ሮዝ ቲሸርት ይዛ መጣች። ፊቱ ላይ በትልቁ “ጡትዎን ይመርመሩ” ይላል። አባባ የቅኔ መምህር ናቸው። ቲሸርቱን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አነበቡና፣ “በዚህ ዕድሜዬ ይህን ለጥፌ ከተማ ልዙር?” አሉ። የሺ የዋዛ አይደለችም፤ ለበሱት። ከላይ ግን ጋቢ ደረቡበት፤ ፀሐዩ አናት እየበሳ እንኳ አላወለቁም። ላብ በላብ ሆነው ከነጨዋነታቸው ተጓዙ።

መሃል መንገድ ላይ አንዲት ነርስ በድምፅ ማጉያ፣ “ጡት ላይ የማያምም እብጠት ካለ ችላ አትበሉ” ስትል እናቴ ቆመች። የየሺን እጅ ያዘች።

“ልጄ፣ እኔ ደረት የምለው እኮ እሱን ነው።”

“ምኑን እማማ?”

“አሁን ሴትዮዋ የጠራችውን።”

የሺ እዚያው ነገረችን። አባባ ዕድሜ ልካቸውን ለተማሪ ሰምና ወርቅ ሲፈቱ የኖሩ ሰው፣ የገዛ ሚስታቸው ስትቀኝ ከሰሙ አላለፉም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ በወረፋው ሰው ፊት “ምንዎን ነው የሚያምዎ?” ቢላት፣ እናቴ በልማዷ “ደረ...” ብላ ጀመረች።

“ጡቷን ነው” አሉ አባባ፣ ማኅሌት በለመደ ድምፃቸው። ወረፋው ሁሉ ዞሮ አየን። “ጡቷን ነው፤ በደንብ ይዩልኝ።”

እብጠቱ ሳይብስ ተደርሶበት በቀዶ ሕክምና ወጣላት። እናቴ ግን አባባን እስከ ዛሬ አልማረቻቸውም። “ቀስ ብለው ቢሉት ምን ነበረበት?” ትላለች።