የአራተኛው ዘፈን አድማጭ

ሐበሻ «ዘፈንህን ሰማሁት፣ ግሩም ነው» ካለህ አመስግነህ እለፍ እንጂ አትመርምር። ምርመራ ወዳጅ ያሳጣል። የእኔ ችግር መመርመሪያውን ኪሴ ውስጥ ይዤ መዞሬ ነው።

ስምንት ዘፈን ራሴ ገጥሜ፣ ራሴ ዘፍኜ፣ በአንዲት ኪቦርድ ራሴ አጅቤ፣ ራሴው ኢንተርኔት ላይ አፕሎድ አደረግሁ። አሳታሚ የለ፣ ሲዲ የለ፣ የሚጨበጥ ነገር የለ። ባለቤቴ መሠረት ኪቦርዱ ሳሎኗን ስለያዘባት ውል አስገባችኝ። ዘመድ ያልሆነ አንድ ቋሚ አድማጭ እስከ ወሩ መጨረሻ ከተገኘ ኪቦርዱ ይቀመጣል፤ ካልተገኘ ይሸጣል። ሶ፣ በሲያትል አንድ ሰው ይጠፋል?

ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባለው ሰፈራችን ያለው ባለሱቅ አስለቀሰኝ አለኝ። ለቅሶ ቤት ያገኘሁት ሁሉ ሰማነው አለ። ስልኬ ላይ ያለው፣ ዘፈን ስንቴ እንደተደመጠ የሚያሳየው ቆጣሪ ግን ይሉኝታ አልፈጠረበትም። ሰባቱ ዘፈኖች የተደመጡት አንድ አንድ ጊዜ ነው። አራተኛው፣ ለመሠረት የገጠምኩት የፍቅር ዘፈን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያለ እረፍት ይደመጣል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ጸጥ። ግራ ገባኝ። ፍቅር የመንግሥት ሥራ ነው እንዴ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚዘጋ?

አንድ ረቡዕ ሥራ ቀርቼ በማውንት ቤከር ሰፈር በኩል ሳልፍ ከእትዬ ጥሩነሽ ቤት የገዛ ድምፄ ይሰማል። እትዬ ጥሩነሽ የእድራችን ሰው እንጂ ዘመዴ አይደሉም። ደስታዬን አትጠይቁኝ። አንኳኳሁ። እኔ ውስጥ እዘፍናለሁ፣ እኔ ውጭ ቆሜ አንኳኳለሁ፣ የሚከፍትልኝ የለም። ቤቱን ተሳስቼ ይሆን ወይስ ራሴን?

ልመለስ ስል እትዬ ጥሩነሽ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከመኪና ወረዱ። ማን ቤት ውስጥ እንዳለ ጠየቅኋቸው። ማንም የለም አሉኝ።

«ወንድ ቤት አለ እንዲባል ነው፣ ልጄ። ሰፈሩን ሌባ ፈጀው። ሌሎቹን ሞክሬያቸው ነበር፣ እሹሩሩ ትላለህ። አራተኛው ላይ ግን ቁጣህ ደህና ነው። ውሻ እንኳ ይተኛል፤ አንተ አትተኛም» ብለው መረቁኝ።

አሜን ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

ማታ ለመሠረት ሁሉንም ነገርኳት፤ አንዲት ቃል አልደበቅሁም። ስልኳ ላይ የሚሸጥ ዕቃ የሚለጠፍበትን ገጽ ከፍታ ስትጠብቀኝ ነበር። ስልኳን ዘጋች፤ ኪቦርዱ ይቀመጥ አለች። የገጠምኩላት ዘፈን ልቧን ነካው ብዬ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ወደ ሥራ ስንወጣ አራተኛውን ዘፈን ከፈተች፣ ድምፁን ጨመረች፣ በሩን ቆለፈች።