ቁርጥ አንቺን

እኛ ሰዎች ነፍሰ ጡር ስናይ ሐኪም መሆን ያምረናል። ሆዷ ሾጠጥ ካለ ወንድ፣ ሰፋ ካለ ሴት እንላለን፤ ራሷ ገዘፍ ያለች ከሆነች ደግሞ «ይሄማ በእግሩ እየሄደ ነው የሚወጣው!» እርስዎም ብለው ያውቁ ይሆናል። ችግሩ፣ ሕፃን ወሬያችንን ሰምቶ አይወለድም።

ሮማን በስደት ባለንበት አገር ኩን ራፒድስ ከተማ አብራኝ የምትሠራ፣ ገዘፍ ያለች ደርባባ ጓደኛዬ ናት። ስታረግዝ ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለን ሐበሾች ሁሉ መንታ ፈረድንባት። ደም ግፊቷ ግን አሻቀበና ቀኗ ሳይደርስ ምጡን በመድኃኒት አመጡባት። ልጇ ኮስሶ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ ወጣ። ማሞቂያ ውስጥ አስገቡት።

የባሏ አክስት ሊጠይቁ መጥተው ልጁን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ልጁን አዩ። «ምነው፣ ምግቡን ሁሉ ለራስሽ አስቀረሽው እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቀልድ መሆኑ ነው። ሮማንም አብራ ሳቀች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን የምወስድላትን ገንፎ ሳትነካው ትመልስልኝ ጀመር። ወተቷ ቀነሰ። ነርሷ አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ግፊቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ የሚያልፈውን ምግብ እንዳሳነሰበት፣ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ አስረዳቻት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ አልሰማቻትም።

እናቶች በሚያርፉበት ክፍል ሃዊ የምትባል፣ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ የምትሠራ ቀጭን ሴት ተዋወቅን። በእርግዝናዋ ስኳር ይዟት ኖሮ ግዙፍ ልጅ በኦፕራሲዮን ወልዳለች፤ የልጁም ስኳር እየወረደ አስቸግሯል።

«አማቴ በቪዲዮ አይታው፣ ‹ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ተቀያይሮብሽ እንዳይሆን› አለችኝ» አለች ሃዊ። «አንቺንስ ምን አሉሽ?»

ሮማን ነገረቻት። ስትጨርስ አለቀሰች። ሃዊ የገንፎውን ዕቃ ከፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«ብዪ። እኔ ተከልክያለሁ፤ አንቺ ስትበዪ እያየሁ ልጥገብ።»

ሮማን በላች።

ሁለቱ ልጆች በተመሳሳይ ቀን ከሆስፒታል ተለቀቁ። ባሎቻቸው መኪና ሊያመጡ ሄደው በሩ ላይ ቆመን ሳለ፣ ሕመምተኛ ሊጠይቁ የመጡ አንዲት ሐበሻ እናት መሐላችን ጎን ለጎን ወደተቀመጡት ሕፃናት ጎንበስ አሉ። ትልቁን አይተው ወደ ሮማን ዞሩና፣ «እሰይ! ቁርጥ አንቺን!» አሉ። ትንሹን አይተው ወደ ሃዊ፣ «አይዞሽ፣ አንቺም ደቃቃ ነሽ። ብቻ እግዜር ያሳድግላችሁ!»

ላርማቸው አፌን ስከፍት ሮማን ክንዴን ያዘችኝ።

«አሜን» አሉ ሁለቱም።

እናትየዋም ግምታቸው ልክ በመሆኑ ደስ ብሏቸው ወደ ሊፍቱ ሄዱ።