በፈተናዬ መሀል የተናገረው ሬዲዮ

እናንተዬ፣ ዛሬ ባሌ ፈተና ጣለኝ። እኔ ተፈታኝ፣ ጣዩ እሱ! ቁጭ በሉና ስሙኝ።

ባሌ ጌቱ ዕድሜውን ሙሉ ከጁባ ኒሙሌ ባለው መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ዘንድሮ ዓይኑ ደከመና ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ ከለከለው። እኛ ደግሞ ያለንን አራግፈን አንድ አሮጌ ሞተርሆም ገዝተናል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ጁባ ዳር ሸሪካት ሰፈር አቁመን ለሹፌሮች ምግብ ልንሸጥበት ነው።

የሚነዳው ሰው ጠፋ እንጂ!

ስለዚህ ከትንሽ የቤት መኪና ሌላ ነድቼ የማላውቀው እኔ፣ የሞተርሆሙ ፍሬን በንፋስ ስለሆነ፣ የንፋስ ፍሬን ትሬኒንግ ገባሁ።

ለማታውቁት፣ ይሄ ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል። ካልቆማችሁ ፍሬኑ ራሱ ጎማውን ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። ጌቱ ይህን ሲያስጠናኝ ሰነበተ።

ዛሬ ጠዋት ግን ቤት እንደሚቀር ነገረኝ። ቅር አላለኝም፤ ፊቱን ካየሁ ጭንቀቴ ይብስብኛል። ሞተርሆሙን አሰልጣኜ ከምንኖርበት ሰፈር ከኮር ዊሊያም ፈተናው ቦታ ድረስ ነድቶ አደረሰልኝና ወረደ።

ፈታኙ ረጅም፣ ኮስታራ ሰው ነው። በጁባ አረብኛ ሰላም ተባባልን፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀጠለ። ንፋስ አስሞላኝ፣ ጌጁን አስነበበኝ፣ ሞተሩን አስጠፋኝ። ሁሉም ፐርፌክት! ቀጥሎ ቁልቁለት እየወረድኩ ማስጠንቀቂያው ቢጮህ ምን እንደማደርግ ጠየቀኝ።

ባዶ። ጭንቅላቴ ባዶ።

ያኔ ከኋላ፣ ከአልጋው መጋረጃ ጀርባ፣ በሹክሹክታ፦

«ፍሬኑን ደጋግመሽ አትርገጪ፣ ዳር ያዢና ቁሚ፣ የኔ ቆንጆ።»

ፈታኙ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ፊት ለፊት እያየሁ ሬዲዮ ነው አልኩት። መኪናው እኮ ሬዲዮ የለውም!

ሰውየው ዳሽቦርዱን አየት አደረገ። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «ሬዲዮው በጣም ነው የሚወድሽ» አለኝ።

ለካ ያደገው አዲስ አበባ ነው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ?

ተነስቶ መጋረጃውን ገለጠው። ጌቱ ጫማውን እንዳደረገ ተኝቷል፣ ብርድ ልብስ እስከ አፍንጫው ድረስ ስቦ። በዚህ በጁባ ሙቀት!

ፈታኙ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። መልሱ ትክክል ቢሆንም የኔ ስላልሆነ መውደቄን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ እንድፈተን ነገረኝ። ወደ ጌቱም ዞሮ፣ «ጋሼ፣ ያኔ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ» አለው።

አሰልጣኜን እየጠበቅን የሞተርሆሙ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። በግኛለሁ። ለምን እንደዋሸኝ ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ፦

«እኔ መንገድ ላይ ሳለሁ ደረስኩ ብዬ እስክደውል አትተኚም ነበር። ዛሬ አንቺ መሪ ስትይዢ ቤት መቀመጥ አቃተኝ።»

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። በሻርፔ ጫፍ የግንባሩን ላብ ጠረግኩለት።

ስንመለስ አሰልጣኜ እየነዳ፣ እኛ ኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ የፈታኙን ጥያቄ ለጌቱ ሙሉውን መለስኩለት። አንድም ቃል አልሳትኩም። መቼ? ከወደቅኩ በኋላ!

አሁን እርዱኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ለአንድ ጠዋት ብቻ ባሌን የሚጠብቅልኝ አለ? ምግብ አይመርጥም፣ ሰው አያስቸግርም። ብቻ በሩን ቆልፉበት።