ጭረት የሌለባት መኪና

ሰው መኪና የሚገዛው ሊነዳው ይመስልዎታል? እንግዲያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩትን ጎረቤቴን ጋሽ ሰይድን አያውቋቸውም! እርሳቸው የገዟት ሊያጥቧት ነው። መጀመሪያ አቧራዋን በብዙ ውሃ ያስለቅቃሉ፤ ከዚያ ጥላ ሥር አቁመው፣ በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ፣ እንደ አራስ ልጅ እያባበሉ ያሿታል። በደረቅ ጨርቅ የነካት ሰው ሰላምታቸውን ያጣል።

የእህታቸው ልጅ ስታገባ ግን ሙሽሮቹን ኮምቦልቻ ማድረስ ግድ ሆነባቸው። እኔም ከፊት ተቀመጥኩ። የደሴን ቁልቁለት እንደጀመርን በረዶ ወረደብን። ጋሽ ሰይድ ጥግ ይዘው አቆሙና ወደ ሙሽራው ዞሩ።

«ልጄ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ ካባህን አውልቅ!»

«በርዶዎት ነው ጋሼ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! ቀለሟ ሊላጥ ነው!»

ካባው ኮፈኑ ላይ ተነጠፈ፤ የእኔ ኮት ጣሪያው ላይ ወጣ። ዓይናቸው የሙሽሪት ቬሎ ላይ ሲያርፍ ሙሽሮቹ በሳቅ እየፈረሱ ወርደው ከኋላችን ወደቆመው አጃቢ ሚኒባስ ሮጡ። ጋሽ ሰይድ ካባውን ለማስተካከል ኮፈኑ ላይ ተደፍተው ሳያዩ ሚኒባሱ ይዟቸው ነጎደ። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ «ዝም ብለህ ኮቱን ያዝ!» አሉኝ።

በረዶው አባርቶ ኮምቦልቻ ስንደርስ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ደጃፍ ቆመው ጠበቁን። ጋሽ ሰይድ ደረታቸውን ነፍተው ወረዱ።

«እይያት እስቲ! አንድ ጭረት የለባትም!»

እትዬ ዘሀራ ወደ ኋላ ወንበር አጎንብሰው አዩ።

«ሙሽሮችም የሉባትም!»